ፓምፑና ካቡ፦ መምህርት ልትሆን ለተነሳች ልጅ

ልጄ፣ በሚመጣው ነሐሴ የመጀመሪያ ክፍልሽን ትረከቢያለሽ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽን አልነካብሽም፤ የትምህርት ዕቅዱን፣ የክፍል አያያዙን፣ የፈተና አወጣጡን በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ደብረ ታቦር ሳይንስ ሲያስተምር ከኖረ ሽማግሌ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የምመክርሽ ስለ አንድ ነገር ነው። ዕውቀት ያለው እኔ ዘንድ ነው፣ ከእኔ ተነስቶ ወደ ልጆቹ ይፈሳል የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ ከራስሽ አውጪው። ልጆቹም መምህርን ያስተምራሉ ልልሽ አይደለም፤ እሱን በየስብሰባው ትሰሚዋለሽ። እኔ የምልሽ፣ ሰው ያልሆነውም ያስተምራል፣ ሰው ያልሆነውም ይማራል፣ የአንቺ ሥራ ከዚያ ሁሉ መሃል አንዱ ነው።

የሽማግሌ ትካዜ ነው ብለሽ እንዳታልፊው ይህን ልጨምርልሽ። ዩኔስኮ ስለ ወደፊቱ ትምህርት እንዲመክር ያቋቋመውን ዓለም አቀፍ ኮሚሽን የመሩት የያኔዋ ፕሬዚዳንታችን ሣህለወርቅ ዘውዴ ነበሩ፤ ሪፖርቱም በ2021 ወጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ በዚህ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጠራልሽ።) ለኮሚሽኑ በ2020 ከቀረቡት ጽሑፎች አንዱ ኮመን ወርልድስ የተባሉ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ነው። እነሱ የሚሉት፣ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ልጁን ከዓለም ውጭ አቁሞ ስለ ዓለም ነገረው፤ ከእንግዲህ ልጁ ከዓለም ጋር ሆኖ መማር አለበት፣ ያለዚያ መኖራችንም ያሰጋል ነው። አነበብኩት። ከባድ ከባድ ቃል በዝቶበታል፤ ሰው ብቻውን አይኖርም ለማለት ያን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ ብያለሁ። ቢሆንም እውነታቸውን ነው። ነገ ጠዋት ክፍል የሚገባ መምህር በዚህ ምን ያድርግ ለሚለው ግን እዚያ መልስ አላገኘሁም። ያገኘሁት እዚሁ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ አንድ ረግረግ ዳር ነው።

ሚነርቫ ፓርክ ከምትባለው መንደር ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት ነድተሽ ኦለንታንጂ ወንዝ ስትደርሺ፣ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የረግረግ ጥናት ጣቢያ አለ። ፕሮፌሰር ዊልያም ሚች በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ኩላሊት የሚመስሉ ሁለት ኩሬዎች አስቆፈሩ፤ እያንዳንዱ አንድ ሄክታር ነው። በ1994 ከወንዙ በፓምፕ ውሃ እየሳቡ ለሁለቱም እኩል ማጠጣት ጀመሩ። በአንደኛው 13 ዓይነት የረግረግ ተክል ተከሉበት። በሁለተኛው ምንም አልተከሉም፤ ባዶ ጭቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራቸው መለካትና መመዝገብ ሆነ።

ያልተተከለው ኩሬ ባዶውን አልቀረም። ዘሩን ወንዙ አመጣለት፣ ነፋሱ አመጣለት፣ ወፉም የራሱን ድርሻ ጣለለት። ሦስት ዓመት ሲሞላ ሁለቱ ረግረጎች በብዙ መለኪያ ተመሳሰሉ። ሰው ያልነደፈው ረግረግ ራሱን ነደፈ፤ ሚችም ነገሩን የጠሩት በዚሁ ስም ነው። በ2004 ስቨን ዮርገንሰን ከሚባሉ ዴንማርካዊ ሊቅ ጋር የስቶክሆልምን የውሃ ሽልማት ወሰዱ።

ይህን የሚሰማ አንዳንድ መምህር ወዲያው፣ እንግዲያው መትከል ምን ያደርጋል፣ ልጆቹን መልቀቅ ነው እንጂ ይላል። እንዳትሰሚው። ያ ባዶ ኩሬ ለብቻው የተተወ ሊመስልሽ ይችላል እንጂ ፓምፕ ነበረው። ያ ፓምፕ ቢቆም ኖሮ ነፋሱ የፈለገውን ዘር ቢያመጣ የሚበቅለው የሜዳ አረም ነበር። ደግሞም ታሪኩ በሦስተኛው ዓመት አላለቀም። ዓመታት ሲደራረቡ ልዩነት ወጣ። ያልተተከለውን ፊላ ወረሰው፤ ምርቱ ብዙ ነበር፣ በአብዛኛው ግን ያው ፊላ ነው። የተተከለው የተክል ዓይነቱ እንደበዛ ቆየ። መካከል ላይ መስክራት የሚባሉ፣ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ የአይጥ ዘመዶች መጥተው ፊላውን ግጠው ጨረሱትና ነገሩ ሁሉ እንደገና ተገለባበጠ። እነሱን ማንም በዕቅዱ ውስጥ አላስገባቸውም ነበር።

እኔ ከዚህ የያዝኩት እንዲህ ነው። የዘሩ ሁሉ ምንጭ አንቺ አይደለሽም፤ ከአንቺ በፊትም ከአንቺ ውጭም ይመጣል፣ ብዙውም በማታውቂው በኩል ነው የሚመጣው። ውሃው እንዳይቋረጥ መጠበቁ ግን የአንቺ ነው። 13ቱን መትከሉም የአንቺ ነው። ካልተከልሽ ፊላ ይወርሰዋል፤ የዚህ ዘመን ፊላ ምን እንደሆነ ደግሞ በየልጁ ኪስ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ኦሃዮ ውስጥ በ2012 የወጣ የሦስተኛ ክፍል የንባብ ሕግ አለ፤ ጓደኞችሽ ሲያማርሩበት ትሰሚያለሽ፣ አንዳንዱም ምሬት ተገቢ ነው። ነገር ግን ንባብን ነፋስ አያመጣውም። ትከዪው። ስለ ሥነ ፍጥረት አስባለሁ እያለ ልጆቹን ሳያነቡ የሚያሳልፍ መምህር ከሁሉም የባሰ ነው።

ፓምፑን ሳይ ደቡብ ጎንደር ነው ትዝ የሚለኝ። ከላይ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በታረሰ ምድር መሃል ክብ ክብ ሆኖ የቆመ አረንጓዴ ደን፣ በየደኑ እምብርት አንድ ቤተ ክርስቲያን። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን በ‘እመጓ’ መጽሐፋቸው ታውቂያቸው ይሆናል፤ ሙያቸው የደን ሳይንስ ነው፣ እነዚህን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዓመታት አጥንተዋል። ዛፉ ዘር ይጥላል፣ ዘሩም ይበቅላል፣ ቡቃያው ግን ዛፍ ሳይሆን ይቀራል፤ ከብት ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል። ለሙከራ ከብት እንዳይገባበት ባጠሩት ቦታ ግን ችግኙ ተረፈ። ከዚያ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው፣ ከካህናቱና ከአጥቢያው ሰው ጋር እየመከሩ በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ማሠራት ጀመሩ። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ነው። ማሳው ለማረሻ ቀለለው፣ ደኑም አጥር አገኘ። ይህን የመሰለ ብልህ ነገር በየትም አላየሁም። ካቡን የካበው ሰው ነው፤ ደኑን ያሳደገው ግን ሰው አይደለም። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ መምህር ብዙ አላጋጠመኝም።

እነዚያ ደኖች ደግሞ ትምህርት ቤት ናቸው። የቅኔ ተማሪ የኔታ ሲያስተምሩ ሰምቶ ብቻ አይቀመጥም፤ ቅኔ ቆጠራ ይወጣል። ዛፍ ሥር ተጠልሎ ወይም ብቻውን እየተንጎራደደ ምሥጢር ይፈልጋል። የቅጠሉ መርገፍ፣ የወፉ ጎጆ፣ የንቡ ሥራ ሁሉ ለምሥጢሩ መነሻ ይሆኑለታል። ያገኘውን ይዞ ይመለስና ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ያቃናሉ ወይም ይጥሉበታል። አሁን ልብ የምትይው የየኔታን ቦታ ነው። ከቀኑ ውስጥ ትልቁን ድርሻ ለደኑ ለቀውለታል፤ ተማሪው ከደኑ ሲመለስ ግን እሳቸው የሉም ማለት የለም፣ አሉ፣ ጆሯቸውም ምሕረት የለውም። የቆሎ ተማሪን ኑሮ ላሳምርልሽ አልፈልግም። ረኃቡም፣ ውሻውም፣ ዱላውም ነበር፤ ዱላው እንዲመለስ የሚመኝ ሰው ካገኘሽ ሽሺው። አሠራሩን ግን ውሰጂ፤ አስተምሪ፣ ልቀቂ፣ ሲመለሱ ስሚ።

ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሥነ ፍጥረት ስታስተምር፣ ሌሎቹ ፍጥረታት ለምግብ ብቻ አልተፈጠሩም፣ ለአንክሮና ለተዘክሮም ነው ትላለች፤ አይተን እንድንደነቅ፣ ተደንቀንም ፈጣሪን እንድናስብ። ስለዚህ ፍጥረት ያስተምራል የሚለው ነገር ለእኛ ከፈረንጅ የመጣ እንግዳ አይደለም። አንድ ነገር ግን ይቀረናል። በዚህም ትምህርት ውስጥ መሃሉን የያዘው ሰው ነው። ፍጥረት ለሰው ያስተምራል እንላለን እንጂ እርስ በርሱ ይማማራል ብለን አናውቅም። ይማማራል።

ሰሎሞን ሰነፉን ወደ ጉንዳን ሲልከው ሥራ እንዲማር ነበር። በ2006 የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናይጀል ፍራንክስና ቶም ሪቻርድሰን ደግሞ ከጉንዳን ማስተማርን አገኙ። ምግብ ያለበትን የምታውቅ አንዲት ትንሽ ጉንዳን የማታውቀዋን አስከትላ ትሄዳለች። ተከታይዋ መንገዱን ለመያዝ ዞር ዞር ስትል መሪዋ ቆማ ትጠብቃለች፤ ከኋላዋ በአንቴና መታ መታ ስትደረግ ብቻ ትቀጥላለች። ብቻዋን ብትሄድ አራት እጥፍ ያህል ትፈጥን ነበር። እንስሳ አስተማረ ለማለት የሥነ ባሕርይ ሊቃውንት ያስቀመጡት መስፈርት ይህ ነው፤ የሚያውቀው ፍጡር የማያውቀው ባለበት አካሄዱን መለወጥ፣ በዚያም የራሱን ጥቅም መክፈል፣ ያኛውም በዚህ ምክንያት መማር አለበት። ይህን ሚዛን ብዙ የማውቃቸው መምህራን አያልፉትም።

ሰው ስላልሆነ መምህር ካወራን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ማሽንስ ትዪኝ ይሆናል። ተጠቀሚበት፣ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ የመድኃኒቴን ወረቀት የሚያስረዳኝ እሱ ነው። በጉንዳኗ ሚዛን ስመዝነው ግን ለልጁ ብሎ የሚከፍለው ነገር አይታየኝም። አይደክመውም፣ ስለዚህ መጠበቁ ዋጋ የለውም። ልጆች ደግሞ ማን እንደከፈለላቸው ያውቃሉ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ለማለት ገና ነው።

ይልቅ ዝዮቹን ተመልከቻቸው። ሚነርቫ ሐይቅ ዳር የሚውሉት፣ መንገድ ሲያቋርጡ መኪና የሚያስቆሙት፣ በበረዶም የማይሄዱት የካናዳ ዝዮች እኮ ተጓዥ ወፎች ነበሩ። ትልቁ ዝርያ በአደን ከመመናመኑ የተነሳ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። ኦሃዮ ከ1956 ጀምሮ ሰው ካቆያቸው ወፎች መልሶ አራባው። ወፎቹ ተመለሱ፣ መንገዱ ግን አልተመለሰም። ለዝይ የክረምት ጉዞ ጫጩት ከወላጆቹ ኋላ እየበረረ የሚማረው ነገር ነው፤ በሰው እጅ ያደጉት ደግሞ ከኋላው የሚበሩት መሪ አላገኙም። ክንፉም ጉልበቱም አለ፣ መንገዱን የሚያውቅ የለም። ከቤታችን አማርኛ የማይሰማው የልጅ ልጄ ይህን ስነግረው፣ ታዲያ እዚህ ከተመቻቸው ምን አለበት አለኝ። መልስ ነበረኝ፤ ግን ዝም አልኩት፣ ጥያቄው ይቆይበት ብዬ።

ሊጠፉ ለተቃረቡት፣ ክሬን ለሚባሉት ነጭ ወፎች ደግሞ ሰዎች የበለጠ ደከሙላቸው። ከ2001 ጀምሮ ከዊስኮንሲን እስከ ፍሎሪዳ በትንሽ አውሮፕላን እየመሩ፣ ፓይለቱ ወፍ እንዲመስል ነጭ ልብስ ለብሶ፣ የመጀመሪያውን ጉዞ አስተማሯቸው። በ2013 የወጣ ጥናት የነዚህን ወፎች የዓመታት ጉዞ መርምሮ፣ ሰባት ዓመት የሞላው ወፍ አብሯቸው ያለ መንጋ ከቀጥተኛው መንገድ የሚስተው የአንድ ዓመት ወፎች ብቻቸውን ከሚስቱት በ38 ከመቶ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ይህን ሳነብ ለምን ደስ እንዳለኝ አትጠይቂኝ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ያ ፓይለት ነው። የሚያስተምረውን ነገር እሱ ራሱ አያውቀውም፤ በክንፉ በርሮ አያውቅም። የሚያውቀው ወፉ መቼ መከተል እንደሚያቆምና መቼ እሱ ዞር ማለት እንዳለበት ነው። ወፎቹ ከዚያ በኋላ ሲመለሱ ማንም አልመራቸውም።

ሰው ከዚህ ሁሉ ውስጥ ወጥቶ ተመልካች ይሁን ማለቴም አይደለም። ሰውን ወደ ንብ ቀፎ የምትመራውን ወፍ ታውቂያታለሽ፤ ቦረናዎች ከጥንት ይሠሩበታል። ሁሴን ኢሳክና ሃይንዝ ራየር በሰሜን ኬንያ ቦረናዎች ዘንድ አጥንተው በ1989 እንዳተሙት፣ ሰው በማያውቀው አካባቢ ያለ ወፏ አንድ የንብ ጎጆ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ወፏ ስትመራው 3.2 ሰዓት። እሷ መንገዱን ታሳያለች፣ ሰው ጎጆውን ይከፍታል፣ ሰፈፉ ለእሷ ይቀራል። በ2023 ክሌር ስፖቲስዉድና ብሪያን ዉድ ያወጡት ደግሞ ይበልጣል። ታንዛኒያ ያሉ ሐድዛዎች ወፏን የሚጠሯት በፉጨት ነው፤ ሞዛምቢክ ያሉ ያዎዎች በሌላ ድምፅ ነው። የታንዛኒያዋ ወፍ ለሐድዛው ፉጨት፣ የሞዛምቢኳም ለያዎው ጥሪ አብልጣ ትመጣለች። ወፏ የሰፈሯን ሰው ቋንቋ ተምራለች ማለት ነው፤ ያውም እናቷ ሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላት የሄደች፣ በእንጀራ እናት ያደገች ወፍ። የሰውን ባህል ሰው ብቻ ነው የሚወርሰው ያለን ማን ነበር?

እንግዲህ ሥራውን። ሚነርቫ ፓርክ ዙሪያውን በኮሎምበስ የተከበበች ትንሽ መንደር ናት፤ ከልጆቿ ከፊሉ በኮሎምበስ፣ ከፊሉ በዌስተርቪል ትምህርት ቤቶች ይማራል። የትኛውም ጋ ብትመደቢ አንድ ቦታ ምረጪ፤ ዛፍ ይሁን፣ የውሃ መውረጃ ይሁን፣ ሐይቁ ዳር ይሁን። ዓመቱን ሙሉ ልጆቹን ወደዚያው ቦታ ውሰጂ፤ አዲስ አዲስ ቦታ አታሳዪያቸው። ሽርሽር ልጆችን ያስደስታል፣ ግን የሚያስተምረው መመላለስ ነው። መጀመሪያ ስም አትንገሪያቸው። ስሙን ሲሰሙ ያወቁት ይመስላቸውና ማየት ያቆማሉ። ምን እንደሚያደርግ ይጻፉ፣ ይሣሉ፣ ስሙን እንዲለምኑሽ አድርጊ።

ሐይቁ ዳር ከወሰድሻቸው፣ ከ1895 እስከ 1902 እዚያ ትልቅ መዝናኛ እንደነበረ፣ ሰዉ ከከተማው በኤሌክትሪክ ባቡር እየመጣ እንደሚዝናና፣ መንደሩ ራሱ በ1940 እንደተቋቋመ ንገሪያቸው። ከዚያ ሐይቁ ያንን ሁሉ እንዴት እንዳሳለፈ፣ ዛፎቹ ከዚያ በፊት የነበሩ ወይስ በኋላ የመጡ እንደሆኑ እነሱ ይጠይቁ። ታሪክ መምህሯ ይህ የእኔ ክፍለ ጊዜ ነው ካለችሽ አብራችሁ ሂዱ።

አያቶችን ጥሪ። ኮሎምበስ ውስጥ ፍየል ያረባ ሶማሌ፣ ንብ ያነበ ጎጃሜ፣ ተራራ ላይ ሩዝ ያመረተ የኔፓል ሰው ሞልቶ ቤት ተቀምጧል። እንግሊዝኛቸው አይበቃም ብለሽ እንዳትተያቸው። ፍየል የምትወደውንና የምትጠላውን ቅጠል ለማሳየት እንግሊዝኛ ምን ያደርጋል? ግን አስጠንቅቂያቸው፤ አንዳንዱ ሽማግሌ ምክር ከጀመረ አያበቃም።

ርዕሰ መምህርሽ ይህ በየትኛው የፈተና መስፈርት ይገባል ብሎ ይጠይቅሻል። አትቆጪ፣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ልጆቹ ከውጭ ይዘውት የሚመጡትን ጽሑፍ አሳዪው፤ ያዩትን የሚጽፍ ልጅ ከሰሌዳ ከሚገለብጠው ብዙ መስመር ይጽፋል፣ ይህን ለማየት ደግሞ ጥናት አያስፈልገውም። የንባብ ክፍለ ጊዜውንም እንዳትነኪ፤ ከነካሽ ሌላውን ሁሉ ትከለከያለሽ።

ደግሞ ውጭው ሁሉ ደግ ነው ብለሽ እንዳትታለዪ። ከሚያዝያ ጀምሮ በየሣሩ መዥገር አለ፣ በሽታም ያስተላልፋል። ልጆቹ ረጅም ካልሲ ያድርጉ፣ ሱሪያቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ያስገቡ፣ ማታ እናቶቻቸው ከጉልበታቸው በስተኋላና ከጆሯቸው ጀርባ ይፈትሹ። ለወላጆች የምትልኪውን ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ አትላኪው፤ በሶማሊኛ፣ በስፓኒሽ፣ በኔፓሊም ይጻፍ። የአማርኛውን ለእኔ ላኪልኝ፣ እጽፍልሻለሁ።